በግ 13፣ ሰው 12፦ የጎድን ድንበሩ የት ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለበዓል ያረድነውን በግ ጎድን ስቆጥር በአንድ ወገን 13 አገኘሁ። ሰው ግን 12 እንዳለው ነው የተማርነው። ወንድ ከሴት አንድ ጎድን ይጎድለዋል የሚባለውስ እውነት ነው? እባብ አጥንት አለው የለውም በሚልም ከወንድሜ ጋር ተከራክረናል። ቁጥሩ ከእንስሳ እንስሳ ለምን እንደሚለያይ የሚያስረዳን ባለሙያ ካለ?»

ቆጠራዎ ልክ ነው። በግ በአንድ ወገን 13 ጎድን አለው፤ ፍየልና ከብትም እንዲሁ። አልፎ አልፎ 12 ወይም 14 ያለው በግ ያጋጥማል፣ ያ ግን በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው 12 ላይ የሚያቆመው የመጀመሪያውን ስለሚስተው ነው። አንደኛው ጎድን አጭርና ወፍራም ነው፤ ወርቹ ከተነሳ በኋላ እንኳ ከአንገቱ ግርጌ ሥጋ ለብሶ ስለሚቀመጥ አይታይም። ሰው በተለምዶ 12 ጥንድ አለው፣ ወንድም ሴትም እኩል። እባብ ደግሞ አጥንት ያለው ብቻ ሳይሆን በጎድን ብዛት ከየብስ እንስሳት ቀዳሚው ነው። ስለዚህ ከሁለታችሁ «አለው» ያለው ረትቷል።

የወንዱን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ ሔዋን ከአዳም የጎን አጥንት መሠራቷ ስለተጻፈ፣ ወንድ ሁሉ አንድ ጎድን ይጎድለዋል የሚለው እምነት በብዙ አገር ኖሯል። ታሪኩ ግን የአዳምን እንጂ የልጆቹን ጎድን አይናገርም። ጣቱን በአደጋ ያጣ አባት የሚወልደው ልጅ ጣቱ ሙሉ ነው። በፓዱዋ ያስተምር የነበረው ሐኪም አንድሪያስ ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው የሰው አካል መጽሐፉ የወንድና የሴት ጎድን እኩል መሆኑን አስፍሯል። ከዚያ ወዲህም ሬሳ ከፍቶ የቆጠረ ሁሉ ያገኘው ይህንኑ ነው። የቃሉን ትርጓሜ ለአባቶች ትቼ ወደ ሙያዬ ልመለስ።

ጎድን ለብቻው ሲቆጠር ነገሩ ዝብርቅርቅ ይላል። ግመል 12፣ በግ 13፣ ቀጭኔ 14፣ ፈረስ 18። እንስሳት ሕክምና ለሚማሩ ልጆች አናቶሚ ሳስተምር ግን ጎድኑን ብቻ እንዲቆጥሩ አልፈቅድላቸውም፤ ከመጨረሻው ጎድን በኋላ ሽንጡ ውስጥ ያሉትን የወገብ አንጓዎችም (አንጓ የምለው አከርካሪን የሚሠሩትን አጥንቶች እያንዳንዳቸውን ነው) አብረው ይቆጥራሉ። ያን ጊዜ ሌላ ነገር ይወጣል። ከብት 13 ባለጎድን አንጓና 6 የወገብ አንጓ አለው፤ ድምሩ 19። ግመል 12 እና 7 ነው፤ 19። ቀጭኔ 14 እና 5፤ አሁንም 19። በግም አብዛኛውን ጊዜ 13 እና 6 ስለሆነ ያው 19 ነው፣ የአንዳንዱ ወገብ 7 ይሆናል እንጂ። አራቱም በዘር የሚዛመዱ ናቸው። ወደ ሌላ ወገን እንሂድ፦ ውሻና ድመት 13 እና 7፣ ድምሩ 20። ሰው 12 እና 5፣ ድምሩ 17። ቺምፓንዚ በአብዛኛው 13 እና 4፣ እሱም 17። ከጎድን ቁጥራችን ተነስቶ ከቺምፓንዚ አንድ ጎደለን ወይም ከግመል ጋር ተስተካከልን ማለት እንግዲህ ብዙ አያስኬድም። ርስቱ በየቤተሰቡ ያው ነው፤ የሚገፋው ድንበሩ ነው።

ድንበሩን ማን ያሰምረዋል? መልሱ ያለው ጽንሱ ላይ ነው። አንጓዎች ሁሉ ሲፈጠሩ የጎድን ጅማሮ ይዘው ነው የሚነሱት። ደረት ላይ ያለው ጅማሮ ያድግና ጎድን ይሆናል። አንገት ላይ ያለው ከአንጓው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ የበግ አንገት ቀቅለው ሲበሉ በአጥንቱ ግራና ቀኝ የሚያዩት ቀዳዳ፣ ወደ አንጎል የሚወጣው የደም ሥር የሚያልፍበት ማለት ነው፣ ከፊት በኩል የተዘጋው በዚያ በተጣበቀ ጅማሮ ነው። ዳሌ ላይ ደግሞ አብጦ ዳሌውን የሚሸከም ትከሻ ይሆናል። በጣም የሚታየው ግን ሽንጥ ላይ ነው። በሚቀጥለው በዓል ከወገቡ አንዱን አንጓ ለይተው ይመልከቱ። ከመሐሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሁለት ጠፍጣፋ ክንፎች ወጥተዋል፤ ከላያቸው የሽንጡ ሥጋ፣ ከሥራቸው ጭቅናው ተኝቷል። እነዚያ ክንፎች ተላቅቀው ማደግ የተከለከሉ የጎድን ጅማሮዎች ናቸው።

«የተከለከሉ» ያልኩት ለማሳመር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎቹ ዲኒን ዌሊክና ማሪዮ ካፔኪ ሆክስ 10 የሚባሉትን ጂኖች በሙሉ ከአይጥ ላይ አጠፉ። የተወለዱት አይጦች ወገብ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ከደረታቸው በኋላ ያሉት የወገብ አንጓዎች፣ አልፎም የዳሌዎቹ፣ ጎድን አብቅለው ተገኙ። ከዚህ የምንረዳው አከርካሪ ሳይታዘዝ ጎድን ማብቀል ልማዱ እንደሆነ ነው። ወገብ ያለ ጎድን የሚቀረው ሆክስ 10 እዚያ ላይ «አቁም» ስለሚል ነው። ትእዛዙ አንድ አንጓ ቀደም ብሎ ከጀመረ 12 ጎድን ይኖራል፣ አንድ አንጓ ዘግይቶ ከጀመረ 13።

ወገብን ከጎድን ነፃ ማድረግ ለምን ጠቀመ? ሁለት ነገር ይነሳል። አንደኛው መተንፈስ ነው። አጥቢ እንስሳ ደረትና ሆዱን የሚለይ ዲያፍራም የሚባል ጡንቻ አለው፤ እሱ ወደ ኋላ ሲገፋ የሆድ ዕቃ ቦታ ይፈልጋል፣ ጎድን የሌለው ሆድም ይለጠጥለታል። ሁለተኛው ሩጫ ነው። እንሽላሊት ስትሮጥ ሰውነቷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ታጥፋለች፤ በዚህ ጊዜ የአንዱ ጎን ጎድኖች ሲጨመቁ የሌላው ጎን ይከፈታሉ፤ አየሩ ከአንዱ ሳንባ ወደ ሌላው ይመላለሳል እንጂ በደንብ ወደ ውጭ አይወጣም። ተመራማሪው ዴቪድ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1987 ያነሳው ነጥብ ይህ ነበር። ግድግዳ ላይ ያለችው እንሽላሊት ሮጥ ብላ ቀጥ የምትለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ውሻ ግን ጀርባውን ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚያጥፈው፣ ስለዚህ እየሮጠ ይተነፍሳል። ይህ የጀርባ ጠባይ ወደ ባሕር የተመለሰውን አጥቢ እንኳ አልተወውም፦ ዓሣ ጭራውን ወደ ጎን ሲያወዛውዝ ዓሣ ነባሪ ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚቀዝፈው።

ፈረስ ለዚህ የሚቃወም ይመስላል። 18 ጥንድ ጎድን ይዞ ወገቡ 6 አንጓ ብቻ ነው፤ አህያ በአብዛኛው 18 እና 5። እነዚህ ጀርባቸውን እንደ አቦሸማኔ አያጥፉም፤ ጀርባው ደርቆ እግሩ ነው የሚሠራው። ሰው የሚቀመጥባቸውና የሚጫንባቸውም ስለዚህ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም፤ ጭነቱ የሚያርፈው ጎድን በደገፈው ክፍል ላይ ነው፣ ከመጨረሻው ጎድን ወዲያ ወገቡ ላይ የሚያርፍ ጭነት ግን እንስሳውን ይጎዳዋል።

ስለ ከብት ካነሳን ሻኛም ይጠየቃል። ሻኛ ውስጥ አጥንት የለም፤ ጡንቻና ስብ ነው። የግመል ሻኛም ስብ ነው፣ ከሥሩ ያለው አከርካሪ አይጎብጥም። ሆኖም ሻኛ ያለው ከብት አጥንቱ ላይ ምልክት ይተዋል። ከደረት አንጓዎቹ ወደ ላይ የቆመው እሾህ የአንዳንዶቹ ጫፍ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የጥንት ሰፈር የሚቆፍሩ ሰዎች ያገኙት ከብት ሻኛ የነበረው መሆኑን ከሚገምቱባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ስንጥቅ ነው። ከእነዚያ እሾሆች ተነስቶ እስከ ራስ ቅል የሚዘረጋው ቢጫ፣ እንደ ላስቲክ የሚሳብ፣ ቢቀቀልም የማይበስለው ወፍራም ጅማት ደግሞ ከባዱን ራስ ተሸክሞ የሚውለው ነው። በሬ ቀኑን ሙሉ ሲግጥ አንገቱ የማይደክመው በእሱ ነው።

አንገት ከሁሉም ግትር ነው። በግ 7፣ አይጥ 7፣ ሰው 7፣ ቀጭኔ 7። ቀጭኔ አንጓውን አልጨመረችም፤ አስረዘመችው፣ አንዱ ከ25 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት የመጀመሪያው የደረት አንጓዋ ጎድን ተሸክሞም ቢሆን ከሌሎቹ የበለጠ ይንቀሳቀሳል፣ ለአንገቷ ተጨማሪ መዳረሻ ይሰጣታል። በአጥቢዎች ውስጥ ከ7 የወጡት ስሎዝ የሚባሉት የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ቀርፋፋ እንስሳትና ማናቲ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚኖር አጥቢ ናቸው፤ ባለ ሦስት ጣቱ ስሎዝ በአብዛኛው 9፣ ማናቲ 6። ኔዘርላንዳዊቷ ፍሪትሰን ጋሊስ እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረበችው ማብራሪያ፣ የአንገትን ቁጥር የሚለውጥ የጂን ለውጥ ሌላም የሰውነት ክፍል ስለሚያበላሽ ለውጡ ገና በጽንስ ይከስማል የሚል ነው። አሳማኝ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ሞተው በተወለዱ ሕፃናት ላይ አንገት ላይ የበቀለ ጎድን በብዛት መታየቱ ይደግፈዋል። አእዋፍ ግን ይህ ገመድ የለባቸውም፤ ዶሮ አንገቷ 14 አንጓ ነው፣ የዝይ ዘመድ የሆነው ስዋን 23 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል።

እባብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ክርክሩም እዚያ ነበር። እባብ እንደ ዓይነቱ ከ200 እስከ 400 የሚደርስ አንጓ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የአንገት አንጓዎችና ጭራው ካልሆኑ በቀር ሁሉም ጎድን ይሸከማሉ። አጥንት የሌለው የሚያስመስለው ፍርምባ ስለሌለው ነው፤ የጎድኖቹ ጫፍ ሆዱ ላይ ከምንም ጋር አይገናኝም፣ በጡንቻ ብቻ ከሆድ ቅርፊቶቹ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ከራሱ የሚሰፋ አይጥ ሲውጥ ጎድኖቹ ተከፍተው ያሳልፉታል። ኮብራ ሲቆጣ አንገቱን የሚዘረጋውም በቆዳ ሳይሆን ረዘም ባሉት የአንገት ጎድኖቹ ነው። አንጓዎቹም በተለመደው መጋጠሚያ ላይ ተጨማሪ ሽብልቅና ማስገቢያ ስላላቸው፣ ወደ ጎን እንደፈለገ ቢታጠፍም ተጠምዞ ሰረሰሩን አይበጥስም።

ይህን ያህል አንጓ ከየት አመጣ? ጽንስ አከርካሪውን የሚሠራው ሰውነቱን ከፊት ወደ ኋላ በየተራ እየከፋፈለ ነው፣ ክፍፍሉንም የሚመራ ጊዜ ጠባቂ የጂን ምት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ላይ ሲቆጠር፣ ዜብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ 31፣ ዶሮ 55፣ አይጥ 65፣ ኮርን ስኔክ የሚባለው እባብ 315 ገደማ ክፍልፋይ ነበራቸው። የእባቡ ምት ከጽንሱ ዕድገት አንጻር በጣም የፈጠነ ስለሆነ ሰውነቱ በደቃቅ ደቃቁ ይከፋፈላል። ሆክስ 10ስ? እባብም አለው። የተለወጠው ትእዛዙን የሚቀበለው የሌሎች ጂኖች መቆጣጠሪያ ክፍል ነው፤ «አቁም» ይባላል፣ አይሰማም።

ስለ እባብ ጎድን ከማውቃቸው ሙከራዎች የምወደው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነው። ተመራማሪዎቹ በሐኪም ቤት ክንዳችን ላይ የሚጠመጠመውን የደም ግፊት መለኪያ ማሰሪያ ቦኣ እባብ ላይ ጠመጠሙና ነፉት፣ ከዚያ ጎድኖቹን በራጅ ቪዲዮ ተመለከቱ። ፊት ለፊት ያሉት ሲታሰሩ እባቡ መተንፈሱን ወደ ኋላ ጎድኖቹ አዛወረው፤ ኋላዎቹ ሲታሰሩ ወደ ፊት መለሰው። ያደነውን ጨምቆ ሲይዝ ራሱ የማይታፈነው ለዚህ ነው። ዲያፍራም ስለሌለው ጎድኑን በየቦታው ለየብቻ ያዝዛል።

እንቁራሪት በተቃራኒው ናት። ጀርባዋ በአብዛኛው 9 ወይም ከዚያ ያነሰ አንጓ ነው፣ ጭራዋ አንድ ዘንግ ሆኗል፣ ጎድን ደግሞ ወይ የላትም ወይ የጭላጭ ያህል ነው። አየሩን በጉሮሮዋ እየገፋች ስለምትውጠው ደረት የሚያሰፋ ነገር አያስፈልጋትም። የእንቁራሪት ዘመድ ሆኖ በስፔን፣ በፖርቱጋልና በሞሮኮ የሚኖር አንድ ሳላማንደር ግን ጎድን አለው፣ ሲያዝም የጎድኑን ሹል ጫፍ በራሱ ቆዳ አሾልኮ ይዋጋበታል።

ዶሮን ወጥ ውስጥ ስታገኟት ጎድኗን አውጥታችሁ እዩ። ከመሐሉ ወደ ኋላ የወጣች ትንሽ ቅርንጫፍ አለች፤ ቀጥሎ ባለው ጎድን ላይ ትደገፋለች፣ ደረቱንም ለመተንፈስ የሚያነሱት ጡንቻዎች የሚይዙት እሷን ነው። በበግ ከፍርምባው ጋር የሚያገናኘው ልም አጥንት በዶሮ ጠንካራ አጥንት ነው። ወፍ ዲያፍራም የላትም፤ አየር የምታስገባው ፍርምባዋን ወደ ታችና ወደ ላይ በማንቀሳቀስ ነው። ከገበያ ዶሮ ይዛችሁ ስትመጡ ደረቷን ጨምቃችሁ አትያዙ፤ አፍንጫዋ ክፍት ቢሆንም ትታፈናለች።

ኤሊ ከልብሷ ወጥታ አትሄድም፣ ልብሱ ራሱ ጎድኗና አከርካሪዋ ነውና። ጎድኖቿ ተስፋፍተው፣ ተጋጥመው ጣሪያ ሆነዋል። የሚገርመው ጎድኑ ሳይሆን የትከሻ አጥንቷ ነው፤ ከሌላው እንስሳ ሁሉ በተለየ በጎድኑ ውስጥ እንጂ በላዩ አይደለም። ቻይና ውስጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው 220 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ኦዶንቶኬሊስ፣ ሆዱ በጋሻ የተሸፈነ፣ ጀርባው ላይ ግን ገና ሰፋ ሰፋ ያሉ ጎድኖች ብቻ የነበሩት ነው።

ዓሣ ፍርምባ የለውም፣ አከርካሪውም የግንድና የጭራ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል እንጂ አንገት፣ ደረት፣ ወገብ የሚባል ልዩነት የለውም። ሥጋው ውስጥ ተበትነው ጉሮሮ ላይ የሚሰኩት ቀጫጭን አጥንቶች ጎድን አይደሉም፤ በጡንቻዎቹ መካከል ያሉ ጅማቶች አጥንት ሆነው ነው። የጣና ባርበስ እነሱን ይዟል፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ግን እነሱ የሉትም። ለልጆች የትኛውን መግዛት እንደሚሻል ከዚህ ይታወቃል።

የሰው 12 መቼ ጀመረ ለሚለው ማስረጃው የመጣው ከእኛው አፋር ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት «ሰላም»፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ሕፃን፣ አከርካሪዋ ድንጋይ ውስጥ እንደተቀበረ ነበር። በፈረንሳይ ግሬኖብል ባለው የሲንክሮትሮን ጨረር ሲታይ 7 የአንገትና 12 የደረት አንጓ ተቆጠረ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። የእኛ የጎድን ድንበር ያኔም እዚያው ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ መጋጠሚያው ላይ ነው፦ አንጓዎቹ ከደረት ዓይነት መጋጠሚያ ወደ ወገብ ዓይነት የሚለወጡት በእኛ አብዛኛውን ጊዜ 12ኛው ላይ ሲሆን በሰላም 11ኛው ላይ ነው። አከርካሪን መለየት ቀላል እንዳይመስላችሁ ደግሞ የሉሲን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከተገኘች በኋላ ለ40 ዓመት ያህል ከአጥንቶቿ ጋር ተቀምጦ የነበረ አንድ የደረት አንጓ ስባሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጭላዳ ወገን የሆነ እንስሳ መሆኑ ታወቀ።

በሰውም ቢሆን ድንበሩ ሁልጊዜ 12 ላይ አይቆምም። ከመቶ ሰው አንድ የማይሞላው አንገቱ ላይ ተጨማሪ ጎድን ይዞ ይወለዳል፤ አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ወደ ክንድ የሚሄደውን ነርቭና የደም ሥር ተጭኖ እጅ ያደነዝዛል። ሌላው 13ኛ ጎድን ወገቡ ላይ ይወጣበታል፣ ሌላው ደግሞ 11 ብቻ አለው። ይህ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ቁም ነገር ነው። የወገብ ዲስክ ሊሠራለት የሚገባ ሰው አንጓው የተቆጠረው ከመጨረሻው ጎድን ወደ ታች ነው ወይስ ከዳሌው ወደ ላይ ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሁለቱ ቆጠራዎች የማይገናኙባቸው ሰዎች አሉ።